ለሦስት ፊደል ለቃሚዎች አንድ አስተማሪ

አራዳ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ አታክልቲ፣ አስመራ

ባሕርና በረሃ ቢለየንም ጠባቂያችን አንድ ነውና እርስዎንም ቤትዎንም በደህና እንዳቆየልኝ አምናለሁ። እኔ ስሙ ይክበር፣ በጤና አለሁ። ባለቤትዎንና ልጆችዎን በዓይን ባላውቃቸውም ሰላም ይበሉልኝ።

ባለቤቴ አቶ ከተማ ካረፈ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የላኩልኝ የማጽናኛ ቃል ያኔውኑ ደርሶኝ ነበር። ሳልመልስ የቆየሁት ቸል ብዬ አይደለም። እርስዎ እንደሚያውቁት መጽሐፍ አነባለሁ እንጂ ብዕር ይዤ አላውቅም። ይህንንም የምናገረው እኔ፣ የሚጽፈው የማተሚያ ቤታችን አራሚ አጥናፉ ነው። የእርስዎን የሩጫ ጽሕፈትም እሱ ካላነበበልኝ አልዘልቀውም። የሚያነበውም እዚሁ ሥራ ቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ነው።

የቸገረኝን ልንገርዎ። ከተማ ሲሞት የማተሚያ መኪናውን፣ ፊደሉንና ሦስት ሠራተኛ ተወልኝ፤ ሙያውን ግን ይዞት ሄደ። ፊደሉን ከሳጥን አንድ በአንድ እያነሣ የሚለቅመው እሱ ብቻ ነበር። ሲራጅ መኪናውን ያዞራል፣ መድኃኔ ቀለም ይቀባል፣ አጥናፉ እርማት ያያል። "አሳያቸው እንጂ" ስለው "ዛሬ ያሳየሁት ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ይከፍታል" ይለኝ ነበር። ፊደሉን እንኳ በሳጥኑ ውስጥ የደረደረው በሀ ሁ ተራ ሳይሆን በገዛ ልቡ ነው፤ ምልክትም የለው። እጄን ባስገባሁ ቁጥር የሟች ኪስ የምፈትሽ ይመስለኛል።

እዚያ የሕትመት ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከተገኘ አንድ ይላኩልኝ። ሠራተኞቼ አይተው ይማሩበታል ብዬ ነው። ከዚህ በላይ አላስቸግርዎትም።

እህትዎ አስካለ


አስመራ፣ ኅዳር 26 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አስካለ፣ አራዳ

ሰላም ከእርስዎም ከደጅዎም አይለይ። ይህን ለሚያነቡልዎ ለአቶ አጥናፉ፣ ለአቶ ሲራጅና ለአቶ መድኃኔም ሰላምታዬ ይድረስ።

መጽሐፉን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። የተጻፈው በጣልያንኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን ብዙ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሳጥኑን በሙሉ ገልብጡት፣ አትሳሱለት። ፊደሉን በግዕዝ፣ በካዕብ፣ በሣልስ ተራ ደርድሩና በየክፍሉ ግንባር የፊደሉን ምስል ለጥፉበት። ከዚያ እያንዳንዱን የእርሳስ ብረት ፊደል በጣታችሁ ዳስሱት። በአንድ ጎኑ ጭረት አለው። ጣት ያን ጭረት ካወቀ ፊደሉ በራሱ ይቁም በእግሩ ሳይታይ ይታወቃል።

እኔ ከአገር ከወጣሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አስመራ ጥሩ ከተማ ነች። መንገዷ ድንጋይ ስለተነጠፈበት ሰው በዝናብ ቀን ጫማው ሳይቆሽሽ ቤቱ ይገባል። የአራዳ ጭቃ የሚናፍቀው ሰው ካለ እኔ ነኝ። ከግቢያችሁ በታች ያለው ወንዝ ክረምት ሲሆን አሁንም መሻገሪያ ያሳጣል ወይስ ድልድይ ተሠራለት? እንዲያው ነው የጠየቅሁት።

ወንድምዎ አታክልቲ


አራዳ፣ ጥር 20 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ አታክልቲ፣ አስመራ

ልደቱንና ጥምቀቱን በሰላም ያሳየን ጌታ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የጤና ዓመት ያድርግልዎ። ባለፈው ባለቤትዎንና ልጆችዎን ሰላም ብዬ ነበር፤ ደረሳቸው ወይ?

ወንዙ ድልድይ አልተሠራለትም። አምና ክረምት የአንድ ነጋዴ በቅሎ ከነጭነቷ ወስዷል።

ሳጥኑን እንዳሉት ገለበጥነው። እውነት ለመናገር ስንገለብጠው አልቅሻለሁ፤ ሲደረደር ግን ቤቱ ብርሃን የገባበት መሰለኝ። መጽሐፉም ደረሰ። ሦስቱም ሥራ ፈትተው ሦስት ቀን ሥዕሉን አዩ። በየገጹ ክንድ የሌለው እጅ ፊደል ያነሣል፣ ያስቀምጣል። መድኃኔ ቀና ብሎ "እሜቴ፣ ይህ እጅ የሚሠራውን እኛ አየን፤ እኛ የምንሠራውን ግን እሱ አያይም" አለኝ። ያን ቀን ሳቅንበት።

በሳምንቱ ሁለት መቶ የሠርግ መጥሪያ ታዘዝን። መድኃኔ ለቀመ፣ ሲራጅ አተመ፣ አጥናፉም አየሁ ብሎ አሳለፈው። "በደስታችን ቀን እንዲመጡልን" የሚለው "በደስታችን ቀን እንዲመጡብን" ሆኖ ወጣ። ል እና ብ ብቻ! የሙሽራይቱ አባት በገበያ ሰዓት መጥተው ወረቀቱን ፊቴ ዘረጉት።

"ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ሠርግ ደገስኩ ወይስ ጦር ጠራሁ?"

ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም እንደገና አተምንላቸው። የአራዳን ሰው ደግሞ ያውቁታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃችን ያለፈ ሁሉ አንገቱን አስግጎ "መጣንባችሁ!" ይለናል። ሲራጅ ይስቃል። መድኃኔ ግን እህል አልበላ ብሎ ሰነበተ።

አሁን ምክር እፈልጋለሁ። እዚህ አንድ የውጭ አገር አታሚ ሠራተኞችሽን በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ላስተምር ብሎኛል፤ እሱ ቤት ሄደው ነው። መኪናውን ከማንም በላይ ያውቃል። ሀ እና ሐ ምን ይለያቸዋል ብዬ ብጠይቀው ግን "ለእኔ ሁለቱም ሥዕል ናቸው" አለኝ። አጥናፉ ደግሞ መድኃኔ እርስዎ ዘንድ መጥቶ ዓመት ይማር ይላል። መድኃኔ ከሄደ ዓመቱን ሙሉ ማን ሊለቅም ነው? ወይስ መጽሐፉን ይዘን እንታገል? እርስዎ የማንን ትምህርት ይመርጡልኛል?

እህትዎ አስካለ


አስመራ፣ መጋቢት 15 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አስካለ፣ አራዳ

ጾሙን በብርታት ያስፈጽማችሁ። ለሁላችሁም ሰላም እላለሁ።

አቶ መድኃኔ እህላቸውን ይብሉ። እኔ እዚህ በመጣሁ በዓመቴ የአንድ ሹም ማዕረግ አጥፍቼ አትሜ ሦስት ቀን ከቤቴ አልወጣሁም ነበር።

ስለ ትምህርቱ የማውቀውን ልንገርዎ። እኔን ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ለቃሚ ነው። መጽሐፍ አልሰጠኝም። ከኋላዬ ይቆማል፤ ክርኔ ሲነሣ በጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ እጄ የተሳሳተ ክፍል ውስጥ ሊገባ ሲል ጉሮሮውን ያጠራል። ስድስት ወር ሙሉ አንድ የምስጋና ቃል አልወጣውም። አንድ ቀን ከኋላዬ ሄዶ ተቀመጠ። ሙያው እጄ እንደገባ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መጽሐፍ ጉሮሮውን አያጠራም። አቶ መድኃኔ በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

ስለዚህ ሰው ይምረጡ። ሰው ሲመርጡ ግን የገዛ ሙያውን ብቻ አይመልከቱ። አንድ ጠዋት ጠርተው ለአንድ ሰዓት ያስተምር ይበሉት። ያን ሰዓት እሱን አይዩት፤ የተማሪዎቹን እጅ ይዩ። ሥራውን ከእጃቸው ነጥቆ ራሱ ከሠራው በደህና ያሰናብቱት። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መታገሥ ከቻለ ይያዙት። ደግሞ ትምህርቱ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ሳጥናቸው ይሁን። በሰው ቤት የተማረ እጅ ቤቱ ሲገባ ይደናገራል። ሦስቱም አብረው ይማሩ። አቶ ከተማ፣ ነፍሱን ይማር፣ ለብቻው አወቀ፤ የሆነውን እርስዎ አይተውታል።

ሰው እስኪያገኙ እኔ በየሳምንቱ አንድ ትምህርት እጽፋለሁ። አቶ አጥናፉ ጮክ ብለው ያንብቡት። የመጀመሪያው ይኸው። ስትለቅሙ አትቀመጡ። ደረታችሁ ከሳጥኑ አንድ ክንድ ይራቅ። የለቀማችሁት ፊደል የሚሰለፍበትን መደርደሪያ በግራ እጅ ያዙ፤ አውራ ጣታችሁ የመጨረሻውን ፊደል ትደግፍ። አትፍጠኑ። ፍጥነት ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር ነው።

የበቅሎዋ ነገር አሳዘነኝ። እኔም በዚያ መሻገሪያ ብዙ ጊዜ አልፌ ነበር።

ወንድምዎ አታክልቲ


አራዳ፣ ሰኔ 2 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ አታክልቲ፣ አስመራ

ሩቅ ያለን ሰው እንደ ቅርብ የሚያስብ ልብ የሰጠዎት አምላክ ዕድሜ ይጨምርልዎ። ባለቤትዎ እንዴት ናቸው? ሦስተኛ ጊዜዬ ነው ስጠይቅ።

የውጭ አገሩን ሰው እንዳሉኝ ጠራሁት። በትሕትና መጣ፣ ካፖርቱን ሰቀለ፣ መድኃኔን ልቀም አለው። መድኃኔ ሁለት ቃል እንደለቀመ መደርደሪያውን ከእጁ ወስዶ ራሱ እስከ መስመሩ ጫፍ ጨረሰው። ሲራጅንም እንደዚያው። ሰዓቱ ሲያልቅ የሦስቱም እጅ ንጹሕ ነበር፤ የጠቆረው የእሱ ብቻ ነው። አመስግኜ ሸኘሁት።

የእርስዎም ትምህርት ይመጣል። ሲመጣ ግን መርከብ ጠብቆ አራቱ በአንድ ቀን ነው፤ አንዳንዴም ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ይደርሳል። አጥናፉ ያነባል፣ ሁለቱ ተሰልፈው ይሰማሉ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የገባን ይመስለኛል። መድኃኔ መስመሩን አጋድሎ እንደሚይዝ ጠይቄዎት ነበር። "ስህተት ነው፣ ቶሎ ያርሙት" የሚለው መልስዎ የደረሰኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በሁለት ወር ውስጥ እጁ ጋደል ብሎ ቀረ። አሁን ቀና አድርግ ሲሉት ያመዋል።

አንድ ደብር የጸሎት መጽሐፍ አዝዞናል። ስድሳ አራት ገጽ ነው፤ ለመጪው ፋሲካ ይፈለጋል። ካህናቱ እንደ ሠርጉ ወረቀት የሚስቁልን አይደሉም። አንችልም ካልን ደግሞ መኪናውን ለመግዛት ያሰፈሰፈ ነጋዴ አለ፤ ሦስቱም ይበተናሉ። ሲራጅ ከወሎ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ቤት አያውቅም።

እርስዎ ቢመጡስ? ለጥቂት ወር። ለማስተማር።

አጥናፉ "እሜቴ፣ ይህን ልድገምልዎ?" ይለኛል። አይድገም።

እህትዎ አስካለ

እኔ ጸሐፊው አጥናፉ ይህን የጨመርኩት ሳልታዘዝ ነው፤ እሜቴ ገበያ ወጥተዋል። "እርስዎ ቢመጡስ" የሚለውን ሦስት ጊዜ አስጽፈው ሁለት ጊዜ አስፍቀውኛል። ሦስተኛውን ሳይመለሱ አሽጌዋለሁ።


አስመራ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አስካለ፣ አራዳ

አዲሱ ዓመት ለሁላችሁም የሰላም ይሁን። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ክረምቱም ነው፣ ሥራም በዝቶብኝ ነበር።

ስለ መምጣቱ አስቤበታለሁ። የሥራ ቤቱ አለቃ በዚህ ጊዜ አይለቀኝም። ደረቴም የባሕሩን እርጥበት አይወደውም። ደግሞም ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ መንገዱ ይጠፋኛል።

በእኔ ፈንታ ገብረአምላክ የሚባል የሥራ ባልደረባዬን ልላክልዎ። ትዕግሥተኛ ነው፤ ፊደላችንን አሳምሮ ያውቃል፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መቆም ይችላል። ከእኔ ቢሻል እንጂ አያንስም። እሺ ካሉኝ መልስዎ እንደደረሰኝ ይነሣል።

ወንድምዎ አታክልቲ


አራዳ፣ መስከረም 30 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አታክልቲ፣ አስመራ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አቶ ገብረአምላክን ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። የማላውቀውን ሰው ከሚያውቀው አገር አላስነሣም። ባለቤትዎ እንዲርቁ ካልፈቀዱም አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልፈቅድም። ጥያቄዬን አንሥቻለሁ።

ነጋዴው ኅዳር ላይ መጥቶ መኪናውን ያያል። ለደብሩ አንችልም እንላለን። ትምህርቱንም ከእንግዲህ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ብዙ ደከሙልን።

አስካለ


ምጽዋ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አስካለ፣ አራዳ

ባለቤት የለኝም። ልጅም የለኝም። አግብቼ አላውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት በሠራተኛ ፊት የሚነበብ ስለሆነ ነው። አሁን ይነበብ።

ነገ መርከብ እሳፈራለሁ። አለቃዬ ለሦስት ወር ፈቅዶልኛል፤ ደረቴም ደህና ነው። ለደብሩ እንችላለን በሏቸው። ነጋዴው ከመጣ መኪናው ሥራ ላይ ነው ይበሉት።

ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ይሁን፣ እስከ ምሳ። በዚያ ሰዓት ደንበኛ አይግባ፣ ትእዛዝም አይወሰድ። ሦስቱም ጣታቸውን ይጠብቁ፤ የቆሰለ ጣት ጭረት አያገኝም።

አታክልቲ


ጅቡቲ፣ የካቲት 12 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስካለ

ይህን በቁም ጽሕፈት፣ እንደ መጽሐፍ ቀስ ብዬ የጻፍኩት አንቺ ራስሽ እንድታነቢው ነው። አጥናፉ ይቅር ይበለኝ። እንደ ልጅነታችን አንቺ ስላልኩሽ አንቺም ይቅር በይኝ። ሦስት ወር ሙሉ እርስዎ ስልሽ ምላሴ ዛለ።

መርከቡ አልደረሰም። እዚህ ሙቀቱ ወረቀቱን ያርሰዋል። ከሰው ጋር አልጫወትም፤ ቁጭ ብዬ የአራዳን ጠዋት አስባለሁ። ጊዮርጊስ ሲደወል ሦስቱ ይሰለፋሉ፤ አንቺ ቁልፉን ይዘሽ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። አንድ ቀን ወደ ውስጥ ግቢ ብዬሽ ነበር። "እኔ እዚህ ይበቃኛል" አልሽኝ።

ሲራጅ እንዲያ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። በደብዳቤሽ የማውቀው መኪና የሚያዞር ጉልበተኛ ነበር። መጀመሪያ ቀን የተለቀመውን ገጽ ሲያይ "ጌታዬ፣ ይህማ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ እኔ ከልጅነቴ ዐረብኛ ስቀራ የኖርኩት እንዲህ ነው" አለኝ። አጥናፉ ሳምንት የፈጀበትን ግልብጥ ፊደል እሱ በአንድ ጠዋት አነበበው። መድኃኔ ግን አደከመኝ። ጋደል ያለውን እጁን ለማቃናት አርባ ቀን ከኋላው ቆምኩ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሄጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዞሮም አላየኝ። አንቺ ግን ከበሩ አየሽኝ፤ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ።

አርባ ገጽ አትመን ተለያየን። የቀረውን ሃያ አራት ያለ እኔ ይሠሩታል፤ አልሰጋም።

ሌላውን እጽፋለሁ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በየቀኑ ምሳ አብረን በላን፤ አንድም ቀን ብቻችንን አልተቀመጥንም። ባቡር ጣቢያ ስትሸኙኝ "ምን የቀረ ነገር አለ?" አልሽኝ፤ ሦስቱ ቆመው ይሰሙ ነበር። "ምንም" አልኩ። ትምህርቱን ነው ያልኩሽ።

በ1901 ዘመዶቻችን ተሰብስበው ዘር ሲቆጥሩ አምስት ቤት ሆንን፤ ሰባት ሳይሞላ ጋብቻ የለም ተባለ። የግቢያችሁ ቄስ፣ አባ፣ ይህን ሲናገሩ እኔ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ወደ ሰሜን ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ልሄድ ስል በአክስትሽ በኩል መልእክት ላክሁ። እንጦጦ ሥር ከጭነቱ ጋር ሦስት ቀን እቆያለሁ፤ የምትለኝ ቃል ካለ ላኪልኝ አልኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ። ቃል አልመጣም። አንቺም በሕጉ ተስማምተሽ ነው ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ከተማን እንዳገባሽ ሰማሁ፤ መልካም ሰው ነው አሉኝ፤ ደስ ይበላት አልኩ። ግን አስካለ፣ ለምን ዝም አልሽ? ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ምጽዋንም አስመራንም ኖርኩባቸው።

ሕጉን አልረሳሁም። ባል ልሁንሽ አልልሽም። አስመራ ያለውን ሥራዬን ገብረአምላክ እየሠራው ነው፤ ቢቀርለት ደስ ይለዋል። ና ካልሽኝ ዕቃዬን ሰብስቤ እመጣለሁ። ቅር ካልሽኝም እዚያው እኖራለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ስለ ወንዙ አልጠይቅሽም።

አታክልቲ


አራዳ፣ መጋቢት 26 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለአታክልቲ

ይህን የምትይዘውን ወረቀት አጥናፉ አልጻፈውም። ብዕርም አልነካውም። ፊደል ለቅሜ ያተምኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቁልፍ ይዤ የምቆመው ሠራተኛ ለመጠበቅ መስሎህ ነበር? ለመድኃኔ የምትነግረውን ሁሉ እጄን ከነጠላዬ ሥር አድርጌ እሠራው ነበር። ገብቼ ከሳጥኑ ፊት ብቆም አንተ ከኋላዬ መቆምህ ነው። እሱን አልችለውም ነበር።

ይህን ለመልቀም ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። ከቅዳሴ መልስ ሥራ ቤቱ ባዶ ነው። ሰንበት መሻሬን ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ፤ የለቀምኩትን ግን አልነግራቸውም። ስህተት ብታገኝበት ዝም ብለህ እለፈው።

መጽሐፉ አልቋል። ስድሳ አራቱም ገጽ። አራት ስህተት ተገኘበት፤ ሁለቱን አጥናፉ፣ ሁለቱን ካህናቱ አገኙ፤ ሳይጠረዝ ደርሰንበት አረምነው። የደብሩ አለቃ መጽሐፉን ተሳልመው "እጃችሁን ይባርከው" ሲሉ መድኃኔ እጁን ከኋላው ደበቀ፤ ቀለሙ አልለቀቀውም ነበር። ነጋዴው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ቀረ። አንድ አዲስ ሰው ቀጥረናል፤ የሚያስተምረው ሲራጅ ነው። ከኋላው ይቆምና እንደ አንተ ጉሮሮውን ያጠራል። አንተ ያለህ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አይቻለሁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ።

መልእክትህ ደርሶኝ ነበር። አክስቴ በዚያኑ ቀን ነግራኛለች። የምልህ ቃልም ነበረኝ፤ አንድ ቃል ነው፤ ጠብቀኝ። ማን ይጻፈው? በግቢያችን ብዕር የሚይዙ አባ ብቻ ነበሩ፤ ዘሩን የቆጠሩትም እሳቸው ናቸው። አክስቴን በአፍሽ ንገሪው አልኳት። "ልጄ፣ ይህን ቃል ተሸክሜ አልሄድም" ብላ አለቀሰች። የሚሄድልኝ ሰው ሁለት ቀን ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን እንስራ ይዤ ውሃ ልቀዳ ነው ብዬ ወጣሁና በዚያው እንጦጦ ሥር ድረስ ሄድኩ። ደክሞኝ ስደርስ ጸሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጭድ ተበትኗል፣ ሦስት የጉልቻ ድንጋይ ገና ይሞቃል። እጄን አስጠግቼ ሞቅሁት። ከዚያ ባዶ እንስራዬን ይዤ ተመለስኩ። "ውሃውስ?" ሲሉኝ ወደቅሁ አልኩ።

ዝም አላልኩም። ይዤው የመጣሁት ቃል ነው ያልደረሰህ።

ከተማን አልበደልኩትም። እሱም ክፉ አልነበረም። የአሥራ ሦስት ዓመት ጎጆ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ አልጽፍም።

አምስት ቤት ነን፤ ስንቆጥረው ብንኖር ስድስት አይሆንም። ባል ሁነኝ አልልህም፤ አንተም እንዳልከው ነው። ግን አሥራ ሰባት ዓመት በሕጉ ኖሬ፣ ሰው ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ እንዳይለኝ የሚከለክል አንድም ቃል አላገኘሁበትም። በግቢው ሌላኛው ወገን ባዶ ቤት አለ፤ ጣራውን አስከድኛለሁ። ሥራው ከሦስት ለቃሚ በላይ ሆኗል፤ ደብሩ ሌላ መጽሐፍ አዝዞ ዋና አስተማሪያችሁ የታል እያለን ነው። የአራዳ ሰው ያወራል። ሲሰለቸው ይተዋል።

ያተምኩት ይህን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አሁን ፊደሉን አጥቤ ወደየክፍሉ እመልሰዋለሁ። ነገ ጠዋት መድኃኔ በዚሁ ፊደል የሰው ሠርግ ይለቅምበታል።

ና።

አስካለ